«ጎበዝ» ማለቱን የተውኩበት ምክንያት

ልጆች የሠሩትን መኪና ይዘው ሲመጡ ቀድሞ ከአፌ የሚወጣው «ጎበዝ!» ነበር። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። መኪናው ግን አንድ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ይቆማል። በማግስቱ ጥግ ላይ ተጥሎ አገኘዋለሁ። «ጎበዝ» ካልኩ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ማንም ተመልሶ አያየውም።

እዚህ አዳማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የእኔ ልጅና የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ይሰበሰባሉ። ከ7 እስከ 11 ዓመት ናቸው። ዕቃው ከቤት የማይጠፋ ነው፤ ባዶ ሃይላንድ፣ አራት ክዳን፣ ስትሮው፣ ቀጭን ስንጥር፣ ፕላስተር፣ ፊኛ። ስንጥሩ በስትሮው ውስጥ ያልፍና ሁለቱን ጎማ ያገናኛል። የተነፋው ፊኛ ሲለቀቅ አየሩ ወደ ኋላ ይወጣል፣ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል። ክዳኑን በጋለ ሚስማር የምበሳው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ የእነሱ ሥራ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በአንዲት የ9 ዓመት ልጅ መኪና ነው። ይንገጫገጫል። ችግሩ ገብቶኛል፤ ላስተካክልላት እጄን ዘርግቼም ነበር። ግን መለስኩትና «ሲሄድ ምን አየሽ?» አልኳት። በሆዷ ተኝታ ከጎኑ አየችው። «ጋሼ፣ አንዱ ጎማ ይነሳል ይወርዳል!» አለች። ቀዳዳውን ያስበሳችኝ በግምት ምልክት አድርጋ ነበር፤ መሀል ላይ አልዋለም። ታዲያ መሀሉ በምን ይገኛል? ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች። ክቡን ቆርጣ ሁለት ጊዜ እኩል ለእኩል አጠፈችው። እጥፋቶቹ የተላለፉበት ነጥብ መሀሉ ነው። አዲሱ ጎማ ሲገባ መንገጫገጩ ቀረ።

የአንዱ ልጅ መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል። «ነፋሱ ነው» ይላል። የአዳማን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ሰበብ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 102 ተርባይኖች የተተከሉለት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አልተከራከርኩትም። «ነፋስ የሌለበት ቦታ እንሞክረው?» አልኩት። ኮሪደር ውስጥ ገባን። እዚያም ወደ ግራ ታጠፈ። ዝም ብሎ አየውና ገለበጠው። የፊትና የኋላው ስትሮው ትይዩ አልነበሩም። እኔ ብነግረው ኖሮ ነፋሱን ሲወቅስ ይኖር ነበር።

መኪናው የሄደበትን ርቀት መለካት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ መኪና 3 ጊዜ ይሄዳል፤ የመሀለኛው ቁጥር ይመዘገባል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያመጣነው ትልቁ ልጅ ጎማውንም ፊኛውንም አብሮ ቀይሮ የትኛው እንደጠቀመው ሳያውቅ በመቅረቱ ነው። ስንጥሩን ሻማ መቀባት ብዙ ይረዳል፤ እንጨቱ ስትሮው ውስጥ መፋተጉ ይቀንስለታል።

አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል። የሁሉንም ርቀት አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ትንሿ ልጄ መኪናዋን አልጋ ሥር ደበቀች። ሳባብላት «አባዬ፣ የኔ እኮ አሻንጉሊቴን እንዲወስድልኝ ነው» አለችኝ። ለካ ከመጀመሪያው ምን እንዲሠራላት እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። ርቀት የእኔ ሐሳብ ነበር። ወረቀቱን አወረድኩት። አሁን እያንዳንዱ የራሱ ደብተር አለው፤ የሚወዳደረው ካለፈው ቅዳሜ ከራሱ ጋር ነው። የእሷ መለኪያ «አሻንጉሊቷ ሳትወድቅ በሩ ጋ መድረስ» ሆነ። ኋላውን አሰፋችው፤ ደረሰላትም።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ነፋሱን ይወቅስ የነበረው ልጅ ፌስታል ቆርጦ ሸራ ሠራ። ፊኛውን አወጣው። ነፋሱ ሲመጣ መኪናው ግቢውን አቋርጦ በሩ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ ጮኹ። እሱ ግን ሮጦ ሄዶ፣ እኔ ምንም ሳልል፣ በሆዱ ተኝቶ ጎማውን ማየት ጀመረ።