ታጣፊ ብሮሸር በምን ሶፍትዌር ሰራሁት

ብሮሸር ልትሰሩ ካሰባችሁ ሶፍትዌር ከማውረዳችሁ በፊት ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ እኔን የጠቀመኝ እሱ ነው። አክስቴ ሐይቅ ከተማ ትንሽ ማረፊያ ቤት አላት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ሐይቁ ስለ እስጢፋኖስ ገዳም ስለ ጀልባው ምናምን እየጠየቁ ሲያደርቋት "አንተ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ትውል የለ፣ ያቺን የምትታጠፈዋን ወረቀት ስራልኝ የኔ ጌታ" አለችኝ፣ አክስት ደግሞ እምቢ አይባልም።

ደሴ ሄጄ የማተሚያ ቤቱን ልጅ በምን ልስራው ስለው "በፈለከው ስራው ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው ፒዲኤፍ ነው፣ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ ይሁን፣ ዙሪያውን 3 ሚሊ ትርፍ ተውልኝ" አለኝ፣ ሲኤምዋይኬ ማተሚያ የሚጠቀምባቸው አራቱ ቀለሞች ናቸው፣ ትርፉ ደግሞ ወረቀቱ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ እንዳይቀር ነው። በቃ ግማሹ ምርጫ እዛው አለቀ። ወርድ ወጣ፣ ሲኤምዋይኬ የሚባል ነገር የለውም፣ ፎቶ ትንሽ ስትነካበት ደግሞ ጽሁፉ ሁሉ ይበታተናል። የማይክሮሶፍቱ ፐብሊሸር ቀላል ነው ግን ኩባንያው ራሱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2026 ድጋፉን አቆማለሁ ብሏል፣ አሁን እሱን መልመድ ምን ይሰራል? ኢንተርኔት ላይ የሚሰራው ካንቫ ያምራል፣ ለኢንስታግራም ቢሆን ሌላ አልፈልግም ነበር፣ ግን በነጻው አካውንት ሲኤምዋይኬ ፒዲኤፍ አይሰጥም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ስራውም ይቆማል። የአዶቢው ኢንዲዛይን የሙያው ንጉስ ነው፣ ግን በየወሩ በዶላር ይከፈላል፣ ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈል የተሰበረውን ቅጂ፣ ደግሞ ከነቫይረሱ ላፕቶፔ ላይ መጫን አልፈለግኩም። አፊኒቲ የሚባለውን ሌላ የዲዛይን ሶፍትዌር ካንቫ በፈረንጆቹ 2024 ገዝቶት በ2025 ነጻ አድርጎታል፣ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው እሱን ይሞክር፣ የኔ አሮጌ ነው አልቻለውም። የቀረኝ ስክራይበስ የሚባለው የገጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነበር። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ሲኤምዋይኬውንም ትርፉንም ይሰጣል፣ መልኩ ግን አቦ አያምርም ከድሮ ዘመን የመጣ ነው የሚመስለው።

አማርኛው ነው ይበልጥ ያሰራኝ። አክስቴ ድሮ በፓወር ግዕዝ ያስተየበችው ጽሁፍ ነበራት፣ ወደ ስክራይበስ ሳመጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ፣ ምክንያቱም የድሮው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ሁሉም ፕሮግራም የሚያውቀው የፊደል ኮድ) አይደለም፣ ፊደሉን የሚያሳየው የራሱ ፎንት ብቻ ነው፣ እንደገና ተየብኩት። ሌላው ቦልድ ነው፣ ወርድ ፊደሉን አወፍሮ ቦልድ ያስመስላል፣ ስክራይበስ ግን ፎንቱ ራሱ ቦልድ ከሌለው የለም ነው የሚላችሁ። አቢሲኒካ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ቦልድ የለውም፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም ስላለው ለርዕስ እሱን ተጠቀምኩ። ጽሁፉንም ግራና ቀኝ እኩል አታሰልፉት፣ አማርኛ ቃል ይረዝማል፣ መስመር ላይ ቆርጠን ሰረዝ የማድረግ ልማድም የለንም፣ በጠባብ አምድ ላይ በየቃሉ መሃል ክፍተቱ አፉን ይከፍታል፣ በግራ ብቻ አሰልፉት።

ስለ እጥፉ፣ ኤ4 በአግድም ሲቀመጥ ወርዱ 297 ሚሊ ነው፣ ለሶስት እኩል 99 እያደረጋችሁ አትክፈሉት። ወደ ውስጥ የሚገባው ክንፍ ካላጠረ ሲታጠፍ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ 100፣ 100፣ 97 አድርጉት። ባዶ ወረቀት አጥፉና በእስኪርቢቶ ቁጥር ጻፉበት፣ በውጭው በኩል ከግራ 97ቱ ይቀድማል ከዛ ጀርባው ከዛ ሽፋኑ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ 97ቱ ቀኝ መጨረሻ ላይ ነው። ቤት ፕሪንተር ላይ ስትሞክሩ በአጭሩ ጎን እንዲገለብጥ እዘዙት፣ አለበለዚያ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።

ፎቶውን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨምቀዋል፣ እንደ ፋይል ላክ አልኩት። 10 ሳንቲ ሜትር ለሚሞላ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 1180 ፒክስል ወርድ ያስፈልጋል። ወረቀቱን በካሬ ሜትር 150 ግራም የሚመዝነውን አደረግነው፣ በጣም ከወፈረ ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ስለ ገዳሙ አባት ስለ ኢየሱስ ሞዓና ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን ረዘም አድርጌ ጽፌ ነበር፣ አክስቴ ግን አንብባ "እሱ ይቆየን፣ ሴት ገዳሙ ውስጥ እንደማትገባ መጀመሪያ ጻፈው፣ እዛ ድረስ ሄደው እየተመለሱ እኔን ነው የሚቆጡኝ" አለች። ልክ ነበረች፣ ከጀልባው ሰዓት ጋር የውስጡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገባ፣ ታሪኩ አጥሮ ክንፉ ላይ ቀረ።