ተራ አይሰጡኝም

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የዝሆኔ ሕሙማንን እከታተል ነበር። በሽታው ጎጃም ውስጥ ብርቅ አይደለም። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ውሃ ሲቀዳ የኖረን ሰው ይይዛል። ከአፈሩ የሚገባው ደቃቅ ማዕድን ቀስ በቀስ እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ስለሚይዝ «ዘራቸው ነው» ይባላል፤ ጋብቻም ይቀራል። ተጋላጭነቱ በዘር መሄዱስ እውነት ነው። አፈሩን ካልረገጡት ግን በሽታው የለም።

ሕክምናው ውድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። አንዲት እናት ይህን ሳያጓድሉ ይዘው ቁስሉም ሽታውም ለቀቃቸው። ሪፖርቱ ላይ «ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀላቅለዋል» ተብሎ ተሞላ።

ለክትትል ሲመጡ «እማማ፣ ሰንበቴ ይሄዳሉ አይደል?» አልኳቸው።

«እሄዳለሁ ልጄ። ተራ ግን አይሰጡኝም።»

እዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባል ሁሉ በተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል። እሳቸውን ግን ከታመሙ ወዲህ «አንቺ አትድከሚ» እያሉ ያልፏቸዋል። ቁጭ ብለው የሰው ይበላሉ፤ የእሳቸውን የሚበላ የለም። ማግለል እንዲህ አዛኝ መስሎ ሲመጣ ለመክሰስም አይመች።

የሰንበቴውን ሙሴ፣ ማለትም መሪውን፣ ከአባላቱ ጋር አነጋገርናቸው። «እንዴ ሲስተር፣ እኛ እኮ አዝነንላት ነው!» አሉ። ስለ በሽታው አስረዳሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ «ጠላውን ታዲያ ማን ይጠምቀዋል?» አለ። ያን ሁሉ ትምህርት የት እንዳስቀመጠው እንጃ።

ነገሩን የቆረጡት ቄሱ ናቸው። «አይጋባም ተባለ አይደል? የሚመጣው ተራ የእሷ ነው። ባርኬ ቀድሜ እጠጣለሁ።»

በቀኑ አንዳንዱ ዋንጫውን ተቀብሎ ይዞት ቆየ። አንዱ «ጨጓራዬን» ብሎ ተወው። ቄሱ ሁለተኛ አስቀዱ።

እኛም የክትትል ጥያቄያችንን ቀየርን፤ «ሰንበቴ ይሄዳሉ?» ቀርቶ «ተራ ይደርስዎታል?» ሆነ። እናትየዋን በቀጣዩ ቀጠሮ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ይደርሰኛል! ጌሾው ነው እንጂ እሳት የሆነው» ብለው ስለ ገበያ ያማርሩ ጀመር። ወረፋ የያዙት በር ላይ እስኪያጉረመርሙ አላቆሙም።