የእህቴ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማራኪ ሰፈር ወደሚገኘው የታላቅ እህቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኗ ሳህኑን ከነሽሮው ስለሚመልስላት በእጇ ወደ ማጠብ ተመልሳለች፤ «ወንድምዓለም፣ ጥገና ቤት ከመውሰዴ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ እየው» አለችኝ።

ሶኬቱን ነቅዬና የውኃውን መስመር ዘግቼ የታችኛውን መደርደሪያ ሳወጣ ከሥሩ ውኃ ተኝቶ አገኘሁ። ማጣሪያው በእንጀራ ፍርፋሪና በረጋ ቅባት ተደፍኗል፤ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ጠራ። ውኃ የሚረጨውን ክንድ ፈትቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሣው ከቀዳዳዎቹ ሦስቱ ብርሃን አያሳልፉም ነበር። እህቴ ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አቀበለችኝና ከአንደኛው የሎሚ ፍሬ አወጣሁ፤ የቀሩትን የደፈነው ነጭ የውኃ ዝቃጭ ግን ግማሽ ሰዓት ኮምጣጤ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በኋላ ነው የለቀቀው።

ያም ሆኖ ማሽኑ ውኃ የሚሞላው በዝግታ ነበር። በማስገቢያው ቱቦ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ስፈታት ደቃቅ አሸዋ ቋጥራለች። ሌላው ምክንያት ታንከሩ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ከማሽኑ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለው የእህቴ ታንከር የሚሰጠው 0.3 ባር ያህል ነው፤ ይህም ለብዙ ማሽኖች ያንሳል። ትንሽ የግፊት ፓምፕ እንድታስገባ ነግሬያታለሁ።

ማታ ብርጭቆዎቹ ጠርተው ሲወጡ እህቴ አንዱን አንሥታ ደጋግማ አየችው፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።