1987 የትኛው 1987?

የድሬዳዋን ገጠር የምርጫ ታሪክ ልሰበስብ የተነሳሁት በተማሪዎቼ ጥያቄ ነው። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ከዋሂልና ከጀልዴሳ በኩል የሚመጡ ልጆች «አያቶቻችን መርጠው ያውቃሉ ወይ?» አሉኝ። ስለ ከተማው ብዙ ይወራል፤ ስለ ገጠሩ ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ዓመቶቹን ብቻ ደረደርኩ። አሸናፊ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ዓመት ብቻ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሁሉ ከዚህ ቢነሳ እመክራለሁ።

የንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የተመረጡት በ1950፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ደግሞ 1957፣ 1961፣ 1965፣ 1969 እና 1973 ይሆናል። እስቲ እዩት! 1957፣ 1961 እና 1965 በሁለቱም ረድፍ አሉ። «በ1957 የተመረጡ እንደራሴ» የሚል ወረቀት እጃችሁ ቢገባ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን ሦስተኛው ከቁጥሩ አታውቁም። ወደዚህም ስንመጣ ያው ነው። በፈረንጅ 1987 የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ነው፤ 835 መቀመጫ፣ ዕጩው ሁሉ በደርጉ ፓርቲ በኢሠፓ ወንፊት ያለፈ። በእኛ 1987 ግን የዛሬው የተወካዮች ምክር ቤት መጀመሪያ የተመረጠበት ነው። 2000 እና 2005 በፈረንጅ የፓርላማ ምርጫ ናቸው፤ የእኛ 1992 እና 1997 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆኑ ደግሞ የአካባቢ ምርጫ ናቸው፤ ድሬዳዋ በ1996ቱ ቻርተር ያገኘችው ምክር ቤት የተመረጠባቸው።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድኩ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላጥፎ የሚናገር ጓደኛዬ አብሮኝ ወጣ። ከሰዓት በርጫ ላይ ሰው በደንብ ያወጋል። ዓመተ ምሕረት አልጠየቅንም። «አባባ፣ ያኔ ማሽላው የት ደርሶ ነበር?» ነው ያልነው። ስለ ንጉሡ ዘመን ፓርቲ ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው ንብረት እንዲኖረው ነበር የሚፈለገው። ለቅርቡ ግን የፓርቲዎቹ የምርጫ ምልክት ጥሩ መያዣ ነው። የተመራጩን ስም የረሳ ሰው ንቡን፣ ሁለት ጣቱን፣ አምፖሉን አይረሳም።

«የት ሆነው መረጡ?» የሚለውን ከሁሉም በላይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ጀልዴሳ በኩል ያለ ሰው ዘመዱ ማዶ፣ ሶማሌ ክልል ሽንሌ ነው። ሶማሌ ክልል በ1992ም በ1997ም የመረጠው ከግንቦቱ ዘግይቶ በነሐሴ ነው። በስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫም ድሬዳዋ ሰኔ 14 ቀን 2013 ስትመርጥ፣ ማዶ የተመረጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ አንዷ እናት «በክረምት ነው የመረጥነው» ብትል ጎረቤቷ ደግሞ «ግንቦት ነው» ቢላት፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ድሬዳዋ ፓርላማ ውስጥ ያላት 2 መቀመጫ ብቻ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከሕዝቧ ሲሶው ያህል ገጠር ይኖር ነበር። የአሸናፊውን ስም ማወቅ ገጠሩ ምን እንዳለ አይነግርም። እሱን የሚነግረው የየጣቢያው ውጤት ነው፤ ቆጠራው ሲያልቅ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት። ዝናብና ነፋስ ይወስደዋል። ተማሪዎቼን በስልካችሁ አንሱት፣ የጣቢያውን ስምና ቀኑን ጻፉበት ብያለሁ።

አሁን የንጉሡን ዘመን ወረቀት እየፈለግኩ ነው። አያቱ ሳጥን ውስጥ የመራጭነት ካርድም ሆነ የዕጩ ማስታወቂያ ያገኘ ሰው ፎቶውን ቢልክልኝ ደስ ይለኛል፤ የተጻፈው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲታይ ማኅተሙ አይቆረጥ።