በማዳበሪያ የመጣው እባብ

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሰሊጥና ማሽላ በሚመረትበት በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል። መስከረም ጠብቶ የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ወባው፣ ካላዛሩና የእባብ ንድፊያው ተጠራርተው ይመጡብናል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እባብ ይስበኛል። የሥራ ባልደረቦቼ «የእባብ ዘመድ» ነው የሚሉኝ። ሰው ጓሮው እባብ ባየ ቁጥር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ ከሚላኩት ፎቶዎች አብዛኞቹ ከሥራቸው «ጥቁር ማምባ ነው አይደል?» የሚል ተጽፎባቸዋል። አይደለም። ጥቁር ማምባ ራሱ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ወይም ወደ ወይራ ቅጠል የሚያደላ ነው። ጥቁሩ የአፉ ውስጥ ነው፣ ያንን ደግሞ ቀርቦ ማየት አይመከርም።

አንድ ቀን ምሽት ላይ ባጃጅ እስከ ድንገተኛ ክፍሉ በር ድረስ ገባ። አንድ ወጣት ደግፈው አወረዱ። ከጉልበቱ በታች በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ እግሩ አብጧል፣ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ በምላጭ በጥተውታል። ከኋላው አባትየው በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ ይዘው ገቡ።

«ዶክተር፣ ገድለነዋል፤ ይኸው» አሉና ማዳበሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። (ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ እኛ ጋ ዶክተር ነው።)

ከዚያ የሆነው ነገር እስካሁን ያስገርመኛል። ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የካርድ ክፍል ልጆች፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም ማዳበሪያውን ከበበ። አልጋው ላይ ካለው ልጅ ጋር የቀረችው ሲስተር ብቻ ነበረች። ጥበቃው ሲባጎውን በእጁ ሊፈታ ሲል ከለከልኩት። የሞተ እባብ፣ ጭንቅላቱ ብቻውን ቢቆረጥ እንኳን፣ ለተወሰነ ጊዜ ሊነክስ ይችላል። በፎርሴፕስ ፈትቼ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት።

በሽመል ቀጥቅጠውታል። የጭንቅላቱ አንዱ ጎን ግን ደህና ነበር። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ቆዳው ሙልጭ ያለ፣ መብራት ሲያርፍበት ቀለም የሚቀያይር፣ ሆዱ ነጭ። ከአፍንጫው ተነስቶ በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ የሚሄድ ፈዛዛ መስመር አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ። ገና ሳየው ነው ያወቅኩት። አይጥ ፍለጋ ሰው ቤት የሚጠጋው ቡናማ የቤት እባብ ነው። መርዝ የሚባል ነገር የለውም። አይጡን ተጠምጥሞ አንቆ ነው የሚገድለው።

ጤና መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየውና «ኧረ ተው፣ ብሌኑን እየው፣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። መርዛማ ነው» አለኝ። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ያውቃታል፦ ብሌኑ ክብ ከሆነ ሰላማዊ፣ ስንጥቅ ከሆነ መርዛማ። እኛ አገር ይህንን ይዞ እባብ የሚለይ ሰው ነፍሱን አያስይዝ! ኮብራም ጥቁር ማምባም ብሌናቸው ክብ ነው። ይሄ ምስኪን የቤት እባብ ደግሞ ስንጥቅ። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ» የሚሉትም ያው ነው። ምንም የማያደርግ እባብ ሲፈራ ጭንቅላቱን ለጥጦ ሰፊ ያስመስላል፣ የኮብራ ጭንቅላት ግን ሦስት ማዕዘን አይደለም።

«ይሄ እባብ ሰው አይገድልም» ስል አባትየው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ «ተመስገን!» አሉ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ባጃጅ ነጂው ሒሳቡን መጠየቅ ጀመረ፤ አንዱ ጎረቤት ልጁን «ተነስ በል፣ እንሂድ» አለው።

ሲስተር ግን ቀና አላለችም። «ምላጭ የነካው ቦታ ደሙ ለምን አይቆምም?» አለች።

ዞር ብዬ አየሁት። ከበጡት ሰዓት አልፏል፣ ጨርቁ ግን አሁንም ይርሳል። አፉን አስከፈተችው። ድዱ ሥር ደም አለ። የቤት እባብ ቢነክስ ጥቂት ጭረት ነው የሚተወው፤ እንዲህ አያሳብጥም፣ ድድም አያደማም። የእባቡን ስም በትክክል ተናግሬያለሁ፣ ልጁን የነደፈው ግን እሱ ስለመሆኑ ማንም አልጠየቀም።

እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ደሙ ይረጋ እንደሆነ የሚያሳየው ምርመራ ማሽን አይፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም፣ አዲስና ደረቅ የብርጭቆ ቲዩብ፣ ሰዓት። በቃ። ብርጭቆ መሆኑ ግን ግዴታ ነው፤ ፕላስቲክ ደሙን እንዲረጋ አይገፋውም፣ በሳሙና የታጠበ ብርጭቆም እንደዚያው ያሳስታል። አሁን የሚመጣልን ቲዩብ ሁሉ ፕላስቲክ ስለሆነ የተወሰኑ አዲስ የብርጭቆ ቲዩቦች መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጣለሁ። (በዚህ ብዙ ተቀልዶብኛል።) ለማነጻጸር ከአባትየውም ቀዳሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። 20 ደቂቃ ሳይነካ፣ ሳይነቀነቅ።

እስከዚያው አባትየውን አናገርኳቸው።

«አባባ፣ ልጁን ሲነድፈው ያየ ሰው አለ?»

«ጨለማ ነበር ልጄ። ማገዶ ሊያመጣ ጓሮ ወጣ፣ ጮኸ። እኛ ባትሪ ይዘን ስንወጣ ይሄን ከድንጋይ ካቡ ሥር አገኘነው።»

ልጁ ከአልጋው ሆኖ ቀጠለበት። ከመነደፉ በፊት ድምፅ ሰምቷል። «ጥብስ ምጣድ ላይ ሲንጨረጨር እንደሚለው» አለ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ። በቆላው እንዲህ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማ አጭር እፉኝት አለ። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሲቆጣ ተጠማዝዞ ሻካራ የጎን ቅርፊቶቹን እርስ በርስ ያፋጫል፤ የሚንጨረጨረው ያ ነው። መርዙ ደም የሚያረጋውን ነገር ከሰውነት አሟጦ ይጨርሰዋል። ትልቁ እፉኝት ሌላ ነው። እሱ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ላይ በተርታ የቪ ቅርጽ አለው፣ ሰው ሲመጣ ስለማይሸሽ ይረገጣል፣ ከማፋጨት ይልቅ በኃይል ይተነፍሳል።

ሰዓቱ ሲደርስ ቲዩቦቹን አንዴ ዘንበል አደረግኳቸው። የአባትየው ረግቶ ከሥሩ አልተንቀሳቀሰም። የልጁ እንደ ፈሳሽነቱ ወደ አፉ መጣ።

ጤና መኮንኑን ጠራሁት፣ አየው፣ ምንም አልተከራከረም። ለሕመሙ ሊወጋ የተዘጋጀውን ዲክሎፌናክ አስቀረ፤ ደም ለማይረጋለት ሰው ዲክሎፌናክም ሆነ ጡንቻ ላይ መርፌ መውጋት አደጋ ነው። ጨርቁም ወዲያው ተቆርጦ አልተጣለም። መጀመሪያ ደም ሥር ተከፈተ፣ መድኃኒቱ ተዘጋጀ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ተፈታ፤ እስሩ ሲለቀቅ የታፈነው መርዝ በአንዴ ሊገባ ይችላልና። ፀረ መርዙ ከፋርማሲ ፍሪጅ ሲመጣ መለያ ጽሑፉን አብረን አነበብነው። ሰው ይህን ይዘለዋል። የህንድ እባቦችን ታስቦ የተሠራ ፀረ መርዝ ጋናና ቻድ ገብቶ ሰው በመርፌው ላይ እያለ ሞቷል፤ የህንዱ እፉኝትና የአፍሪካው እፉኝት መርዝ አንድ አይደለም። የእኛው በአፍሪካ እባቦች የተዘጋጀ፣ ለብዙ ዓይነት የሚሆን ነበር። ስለዚህ ሕክምናውን ለመጀመር የእባቡን ስም ማወቅም አላስፈለገንም። ፀረ መርዙ ሰውነቱን ቢያስቆጣው ብላ ሲስተር አድሬናሊን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችና ጠብታው ተጀመረ።

የሚቀጥለው ምርመራ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ጉበት ያለቀውን ደም የሚያረጋ ነገር ለመተካት ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል፣ ቶሎ ብለህ ብትሞክር ዝም ብለህ ትደነግጣለህ። ሌሊት ደግሜ ቀዳሁ። ረጋ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት የሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። ድርጅቱ እስከዚያ ምን ይጠብቅ እንደነበር እንጃ! የእኛ አካባቢ አጫጆች ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባም ያውቁት ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ይሄ እባብ ምንድን ነው?» የሚል ፎቶ ሲመጣልኝ ከመልሱ በፊት «የተነደፈ ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አለ ከተባለ ስለ እባቡ አንድም ቃል አልናገርም። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ እግሩን አታንቀሳቅሱ፣ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ኑ። እባቡን ፍለጋ ካብ ማፍረስ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። የተነደፈ ከሌለ ደግሞ በስፋት እናወራለን፣ ደስ እያለኝ።

ልጁ ሊወጣ ሲል አባትየው ላብራቶሪ ድረስ መጡ። አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሙና «እንግዲህ ያኛው፣ የነደፈው፣ አሁንም እኛው ጓሮ ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«ሳይሆን አይቀርም አባባ።»

«አይጥ የሚበላልንን ገድለን!»

«እሱማ አዎ።»

ማገዶውን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቁኝ። ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይደርደር፣ ከቤቱ ግድግዳ ይራቅ፣ በማታ ያለ ባትሪና ያለ ቦቲ ጫማ ማንም አይውጣ፣ እንጨት በእጅ ሳይሆን መጀመሪያ በዱላ ተነካክቶ ይነሳ፣ ማሽላው የሚፈስበትና አይጥ የሚጠራው ቦታ ይጠረግ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ቆጡን ነገ እሠራለሁ፣ ቦቲው ግን ከሰሊጡ ሽያጭ በኋላ ነው» አሉኝ።