ኦክስጅን ሲበዛም ይጎዳል

ዛሬ ብዙውን ሰዓት ያሳለፍኩት ለዓመታት በቆየ የሳንባ ሕመም ከሚሠቃዩ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ነው። በደማቸው ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የጣት መለኪያ 90 በመቶ ሲያሳይ ልጃቸው ደንግጦ «ኦክስጅኑን ጨምሩላት እንጂ!» አለኝ። ድንጋጤው ይገባኛል፤ ከጤነኛ ሰው የምንጠብቀው 95 እና ከዚያ በላይ ነው። እንደ እርሳቸው ላሉ ታማሚዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ88 እስከ 92 ይበቃል። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታማሚው ይደነዝዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ስለዚህ መለኪያውን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ወደ ታማሚዋ ይመለሳል፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳሉ (ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 ጤናማ ነው)፣ የአንገታቸው ጡንቻ ይወጠራል ወይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ይጨርሳሉ ወይ?

ብዙ ሰው የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያን የሚያውቀው ከመተንፈሻ ማሽን ጋር ነው። እኔ አብልጬ የምወደው ግን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አወሳሰድ ማስተማርን ነው። መጀመሪያ ትንፋሽን ማስወጣት፤ የመድኃኒቱን መርጫ እየተጫኑ ቀስ ብሎ በጥልቀት መሳብ፤ ከዚያም እስከ 10 ሰከንድ መያዝ። ተቻኩለው ከሳቡት አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እናትየውም ልጃቸውም አብረው ተለማመዱ። ነገ ጠዋት ደግመው እንዲያሳዩኝ ተቀጣጥረናል።