ያልተመዘገበ ችግር በጀት አያገኝም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው፣ ሽንት ለሚያመልጠው ሰው ሲነገር ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። የማይጠይቀው ሐኪምም ከደባቂዎቹ አንዱ ነው። የደም ግፊት ማንም ሳይጠይቅ ይለካል፤ ሽንት ግን ታማሚው አፉን እስኪከፍት ይጠበቃል። እሱም «ዕድሜ ነው»፣ እሷም «ወሊድ ያመጣው ነው» ብለው ይተዉታል። እንዲህ ሆኖ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል፤ የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍል ሰው ደግሞ የሚያየው መዝገብ ነው። ችግሩ ሰው ስለማይገድልም ተራው ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

በየዓመቱ ጁን ላይ ስለዚህ ችግር ግንዛቤ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሳምንት አለ። «አትፈሩ» ማለት አይከፋም፤ ግን ሰው ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። እኔ ብሆን በሦስት ቀን መዝገብ አስጀምራለሁ፦ ምን ያህል ተጠጣ፣ በስንት ሰዓት ተሸና፣ በመለኪያ ኩባያ ስንት ሚሊ ሊትር ሆነ፣ ሲያመልጥ ምን እየተሠራ ነበር። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ካመለጠ ፊኛን ከሥር የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ መላላት ይጠረጠራል። ድንገት አጣድፎ ካመለጠ ፊኛው ሳይሞላ እየተኮማተረ ይሆናል። ሁለቱ አብረው የሚታዩባቸውም ብዙ ናቸው። ጠብ ጠብ ማለቱ የማያቆም ከሆነ ፊኛው በደንብ ላይራገፍ ይችላል፤ ፕሮስቴት ወይም ነርቭ ይታያል። ከከባድ ምጥ በኋላ ቀን ከሌት የሚፈስ ግን ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ ዛሬም ለላላ ጡንቻ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ሰው መሃል ፈስ እንዳያመልጥ የሚጠብቀውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መያዝ፣ ያንኑ ያህል ማረፍ። ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ብዙው ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ መቀመጫውን ይጨምቃል፤ ይባስ ብሎ ወደ ታች የሚያምጥ አለ፣ ይሄ ይጎዳል። እየሸኑ መለማመድም ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ውሃ መቀነስም አያዋጣም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል። ለሚያጣድፈው ሰው የሚሻለው ቡና መቀነስና በሁለት ሽንት መካከል ያለውን ጊዜ በ15 በ15 ደቂቃ እያራዘሙ መሄድ ነው።

ለተመራማሪ ደግሞ ሚዛን አለ። ደረቅ ፓድ ይመዘናል፤ ታካሚዋ 500 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ታስላለች፣ በሚፈስ ውሃ እጇን ትታጠባለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፓዱ ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ ሽንት አምልጧል ማለት ነው፤ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ርካሽ መለኪያ ነው፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ ያለውንም ያወዳድራል።

ውድ የሚሆነው ረጅሙ ክትትል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሽንት ቱቦን ከሥር የሚደግፍ የፕላስቲክ መረብ በብዙ አገር ሲገባ ቆየ፤ ብዙዎችን ረድቷል። በአንዳንዶች ግን ሥጋ እየበላ ወጣ፣ የማይለቅ ሕመም ጣለባቸው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 አጠቃቀሙን ለጊዜው ያገደችው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘብ ቢገኝ የመጀመሪያው ብር የሚገባው ለአዲስ መሣሪያ ሳይሆን፣ የተሠራላቸውን ሴቶች 10 ዓመት ተከትሎ ለሚመዘግብ ሰው ደመወዝ ነው።